ከማንሳቱ በፊት ማውረዱን ይዩ

ጥያቄ፦ «ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት በነጠላ ፊገር ስኬቲንግ፣ ማለትም ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ላይ ለብቻ እየተንሸራተቱ በሚሠሩት ስፖርት፣ ስትወዳደር ቆይታለች። አሁን አሰልጣኟ ከአንድ የ17 ዓመት ልጅ ጋር ጥንድ ሆና እንድትሞክር ሐሳብ አቀረበልን። እሷ ደስ ብሏታል፤ ማታ ላይ ግን ‹እማ፣ ቢጥለኝስ?› ትለኛለች። ነጠላውን ትተወው ወይ? ገና እያደገች ስለሆነ ሰውነቷ ሲለወጥስ? ውጤት ለማየት ስንት ዓመት ይፈጃል? በሙከራው ቀን እኔ ምን ልይ?»

ምላሽ፦

ልጅዎ ማታ የጠየቀችዎት ከሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ይበልጣልና ከእሱ ልጀምር። «ቢጥለኝስ?» ያለች ልጅ ፈሪ አይደለችም፤ ጥንድ ስኬቲንግ ምን እንደሆነ የገባት ልጅ ናት። ጀማሪ ጥንዶችን ሳሠለጥን ይበልጥ የምጨነቀው ምንም ያልፈራች ልጅ ስትመጣ ነው። ያልፈራች ልጅ እጇን የት እንደምታደርግ አትጠይቅም።

ሙከራውን ታድርግ። ውሳኔውን ግን በዚያው ቀን አይስጡ፤ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። በእነዚያ ሳምንታት ልጁ ምን ያህል ከፍ አድርጎ እንደሚያነሳት ሳይሆን እንዴት እንደሚያወርዳት ይዩ።

ተመልካች የሚያጨበጭበው ልጅቷ አየር ላይ ስትወጣ ነው። እኛ አሰልጣኞች ትንፋሻችንን የምንይዘው ግን ስትወርድ ነው። የወንዱ ክንድ ከላይ ተዘርግቶ ቀጥ ሲል አብዛኛውን ክብደቷን የሚሸከመው አጥንቱ ነው። ሲያወርዳት ክርኑ ይታጠፋል፤ ሸክሙም ወደ ትከሻውና ወደ ወገቡ ጡንቻ ይዞራል፤ ያውም እግሩ ሥር የጫማው ስለት እየተንሸራተተ። እሷ ደግሞ ፊቷ ወደ ሌላ ዞሮ በእግሯ በረዶውን ትፈልጋለች። ሁለቱም በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ካላሰቡ ጉልበት ብቻውን አያድናቸውም።

ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ አሰልጣኝ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በጂም ወለል ላይ ያሳልፋል፦ በስፖርት ጫማ፣ ከሥር ፍራሽ ተነጥፎ፣ ከጎን ሦስተኛ ሰው ቆሞ። ልጅቷ ከወገብ ከፍታ ትወርዳለች፤ ቀጥሎ ከደረት፣ ቀጥሎ ከትከሻ። መውረዱ ያለ ድምፅ፣ እንደ ድመት እስኪሆን ድረስ ከፍታው አይጨመርም። በዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት ሕግ ማንሳት እንደ አያያዙ በአምስት ምድብ ይከፈላል። የመጀመሪያው ብብት ሥር ተይዞ የሚደረግ ነው፤ ሁለተኛው ወገብ ተይዞ፤ በሦስተኛው የእሱ መዳፍ ዳሌዋ ላይ ያርፋል፤ አራተኛውና አምስተኛው እጅ ለእጅ ተያይዘው ክንድ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ የሚሠሩ ናቸው። ቅደም ተከተሉን ዘልሎ፣ በቪዲዮ ስለሚያምር ብቻ፣ በሁለተኛው ወር ወደ አምስተኛው ምድብ የሚሮጥ አሰልጣኝ ካዩ ምክንያቱን በግልጽ ይጠይቁ።

ወንዱ ልጅ በቃሉ ሳይሆን በሰውነቱ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ሚዛን ሲጠፋ ከሥሯ መገኘት። ራሱን ለማዳን እጁን መልቀቅ የሰው ተፈጥሮ ነውና ይህ ያለ ልምምድ አይመጣም፤ በፍራሽ ላይ ደጋግሞ መውደቅ ይጠይቃል። የራስ ቁርም ለጀማሪ ነውር አይደለም። እኔ ማንሳት ወደ በረዶ በሚዛወርባቸው የመጀመሪያ ወራት አስደርጋለሁ፤ ሌላ አሰልጣኝ ቢስቅ ይሳቅ።

እውነቱን መደበቅ ስለማልፈልግ ይህንንም ልንገርዎት። በኦክቶበር 2004 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እ.ኤ.አ. ነው) ፒትስበርግ ውስጥ በተደረገው «ስኬት አሜሪካ» (Skate America) በተባለው የስኬቲንግ ውድድር ታቲያና ቶትሚያኒና ከተጣማሪዋ ከማክሲም ማሪኒን እጅ ላይ ወድቃ ጭንቅላቷ በረዶውን መታው። በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን የሆኑ ጥንድ ነበሩ። ተመልሰው በ2006 ቱሪን ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወስደዋል። ይህን የማነሳው ‹ይወደቃል፣ ይነሣል› ብዬ ላጽናናዎት አይደለም። በዓለም አንደኛ የሆኑትንም የሚያጋጥም ነገር መሆኑን አውቃችሁ እንድትገቡ ነው። አደጋውን ዜሮ አደርጋለሁ የሚል አሰልጣኝ አይመኑ። አደጋውን ለመቀነስ በየቀኑ ምን እንደሚያደርግ በዝርዝር የሚነግርዎትን ግን ይስሙት።

አሁን ልጅዎ በመጀመሪያው ዓመት በእርግጥ ምን ስትሠራ እንደምትውል ልንገርዎት፤ ብዙ ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነውና። አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው እጅ ለእጅ ተያይዞ በመንሸራተት ነው። በዚያ ሰዓት ማንሳትም ዝላይም የለም። ሁለቱ ጉልበታቸውን በአንድ ቅጽበት እንዲያጥፉ፣ በአንድ ቅጽበት እንዲገፉ፣ በኩርባው ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ እኩል እንዲያጋድሉ ይለማመዳሉ። ስድስት ዓመት ለብቻዋ የሠራች ልጅ የራሷ ምት አላት፤ እሱም የራሱ አለው። እግሩ ከእሷ ይረዝማል፤ አንድ ግፊቱ የእሷን አንድ ግፊት ተኩል ያህል ይሄዳል። እሷ እግሯን ማርዘም፣ እሱ ደግሞ ፍጥነቱን ሳይቀንስ እሷን መጠበቅ መማር አለባቸው። ይህ ለተመልካች አሰልቺ ነው። ለእኔ ግን የጥንድ ስኬቲንግ ውበት ሁሉ ያለው እዚያ ነው፤ ሁለት ስለት አንድ ድምፅ ሲያወጣ ሪንኩ (የበረዶ መንሸራተቻው አዳራሽ) ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ዞር ብሎ ያያል።

መቀራረቡ የደህንነትም ጉዳይ ነው። ጎን ለጎን በሚደረግ ሽክርክሪት አንድ እግር በወገብ ከፍታ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ይዞራል፤ ጫፉ ላይ ያለው ስለት ነው። በጃንዋሪ 1996 ኤሌና በረዥናያ በልምምድ ላይ እንዲህ ዓይነት ሽክርክሪት ስትሠራ የያኔው ተጣማሪዋ ስለት የራስ ቅሏን ወግቶት ለሕይወት የሚያሰጋ ጉዳት ደርሶባታል፤ መናገርም እንደ አዲስ መማር ነበረባት። ከአንቶን ሲካሩሊድዜ ጋር ተጣምራ በ1998 የኦሎምፒክ ብር፣ በ2002 ወርቅ አገኘች። እንግዲህ ጥንዶች በሽክርክሪት መሃል እርስ በርስ በድምፅ ሲጠራሩ ከሰሙ አይገረሙ። ቦታ ለመቀየርም ሆነ ለመውጣት ምልክት የሚሰጣጡት በዚያ ነው። ልጅዎ ዝምተኛ ከሆነች ድምፅ ማውጣት ከቴክኒክ እኩል ልትማረው የሚገባ ነገር ነው።

ስለ ውርወራ ዝላይ ደግሞ፣ ስሙ ያሳስታል። እሱ እንደ ኳስ አይወረውራትም። የምትዘለው እሷ ናት፤ እሱ የሚጨምርላት ከፍታና ርቀት ነው። ስለዚህ ብቻዋን በደንብ የማትዘለውን ዝላይ በውርወራ ማስተማር ትርፉ መቀጥቀጥ ነው። የምታርፈው ለብቻዋ ከምታርፍበት ከፍታም ፍጥነትም በላይ ስለሆነ ቁርጭምጭሚቷ፣ ጉልበቷና ዳሌዋ ላይ የሚያርፈው ኃይል ይበዛል። ስትማር ብዙ ትወድቃለች፤ በአብዛኛው በአንዱ ዳሌ በኩል። ዳሌና ጅራት አጥንት ላይ የሚደረግ ለስላሳ መከላከያ ያስፈልጋታል። በገመድ የተንጠለጠለ የደህንነት ቀበቶ ያለው ሪንክ ካገኛችሁ እጅግ ጥሩ ነው፤ ውርወራንና ትዊስትን፣ ማለትም ወንዱ ወደ ላይ ወርውሯት አየር ላይ ተሽከርክራ ወገቧን የሚቀልብበትን፣ በእሱ መጀመር ይቻላል። ከሁሉም በላይ ግን ቁጥሩን ይመዝግቡ። እኔ ጀማሪ ልጅ በአንድ ልምምድ ከስምንት ውርወራ በላይ እንድትሠራ አልፈቅድም፤ ዘጠነኛው ቢያምርም። እያደገ ያለ አጥንት የሚጎዳው በአንድ ትልቅ አደጋ ብቻ አይደለም፤ ማንም ባልቆጠረው ድግግሞሽም ይሰነጠቃል።

በ2006 የቱሪን ኦሎምፒክ ዣንግ ዳን አራት ዙር የውርወራ ዝላይ ስትሞክር ክፉኛ ወድቃ ጉልበቷ ተጎዳ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሳ ፕሮግራሙን ጨርሳ ከዣንግ ሃው ጋር የብር ሜዳሊያ አገኙ። ብዙዎች ይህን ቪዲዮ ለልጆች ያሳያሉ። እኔ አላሳይም። ዣንግ ዳንን ሳላከብር ቀርቼ አይደለም። ከ13 ዓመት ልጅ የምፈልገው ሲያማት «አመመኝ፣ እናቁም» ማለትን ነው፤ ያን ያለች ቀን የማመሰግናት ሦስት ዙር ካረፈችበት ቀን ይበልጣል።

ወደ ሰውነቷ ለውጥ ልምጣ። አሰልጣኙ የ17 ዓመት ልጅ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥንድ ስኬቲንግ ወንዱ ትልቅና ጠንካራ፣ ሴቷ ትንሽ የሆኑበት ጥምረት የተለመደ ነው። ኤካቴሪና ጎርዴየቫ በ1981 ከሰርጌ ግሪንኮቭ ጋር ስትጣመር 10 ዓመቷ፣ እሱ ደግሞ 14 ነበር። በ1988 ካልጋሪ ላይ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሲሆኑ እሷ ገና 16 ነበረች። ዛሬ ግን ይህ አይቻልም፤ ኅብረቱ በ2022 ባሳለፈው ውሳኔ የአዋቂዎች ውድድር ዝቅተኛ ዕድሜ ከ15 ደረጃ በደረጃ ወደ 17 ከፍ ብሏል። ይህ ውሳኔ ለልጅዎ ትልቅ ስጦታ ነው። ሰውነቷ እስኪረጋ ድረስ የሚያጣድፋት የኦሎምፒክ ቀን የለም ማለት ነው።

በ13 እና በ16 ዓመት መካከል ቁመቷም ክብደቷም ይጨምራል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ እድገት ነው። ለጥቂት ወራት ዝላይዋ ይጠፋባታል፤ ሚዛኗ የነበረበት ቦታ ተቀይሯልና ትፈልገዋለች፣ ታገኘዋለችም። በዚያ ወቅት አሰልጣኙ ሚዛን አውጥቶ ልጆች ፊት ቢመዝናት፣ ወይም «ለእሱ ከብደሻል» ቢላት፣ ልጅዎን ይዘው ይውጡ። ይህን ከማንም ጋር አልደራደርበትም። በቂ ያልበላች ልጅ አትቀልም፤ ትዝላለች። ከምታወጣው ጉልበት ያነሰ የምትመገብ ልጅ የወር አበባዋ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል፣ አጥንቷ ይሳሳል፣ የድካም ስብራት ይከተላል። የወር አበባዋ ለሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ማየት አለባት፤ «ስፖርተኛ ስለሆነች ነው» ተብሎ አይታለፍም። ልጅቷ ስታድግ ጠንክሮ መገኘት የልጁ የቤት ሥራ ነው። ደግሞም ስትነሳ ሰውነቷን ወጥራ የያዘች ልጅ ከተዝለፈለፈች ቀላል ልጅ ይልቅ ለማንሳት ትቀላለች። ቻይናውያኑ ሱይ ዌንጂንግና ሃን ሶንግ የቁመት ልዩነታቸው ለጥንድ ስኬቲንግ ትንሽ ነው ሲባሉ የኖሩ ናቸው፤ በ2022 ቤይጂንግ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወስደዋል።

ስለ ልጁም አንድ ነገር ልበል፤ እሱን የሚጠይቅልኝ ወላጅ ጥቂት ነው። የ17 ዓመት ልጅ ወገብም ገና አልጠነከረም። ከራሱ በላይ ሰው በየቀኑ የሚያነሳ ጎረምሳ የታችኛው ጀርባው፣ ትከሻውና የእጁ አንጓ ይጎዳል። ቀኑን ሙሉ ማንሳት ብቻ የሚያሠሩት ከሆነ፣ ወይም በጂም የእግርና የሆድ ጡንቻ የሚያጠናክር ሥራ ከሌለው፣ የልጅዎ ደህንነትም አብሮ ጎደለ ማለት ነው፤ የሚሸከማት ያው ጀርባ ነውና።

ነጠላውን ትተወው ወይ ላሉት፦ አይደለም፤ ቢያንስ ለሁለት ዓመት አትተወው። ጥንዶች በፕሮግራማቸው ጎን ለጎን የሚዘሉት ዝላይ አለ፤ እዚያ ማንም አይረዳትም። ብዙ ጥሩ ጥንድ የሚወድቀው በማንሳቱ ሳይሆን በዚያ ዝላይ ነው። ጥምረቱ ቢፈርስም የራሷ ነገር በእጇ ይኖራል። ‹አሁን ካልገባች ይመሽባታል› የሚል ካለ አይስሙት። ጃፓናዊው ኪሃራ ርዩዪቺ ከነጠላ ወደ ጥንድ የተዛወረው በ2013 ሃያዎቹን ጀምሮ ነው፤ በ2019 ከሚዩራ ሪኩ ጋር ተጣመረ፣ በ2023 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ዲያና ስቴላቶ ዱዴክ በ2000 በዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና በነጠላ ሁለተኛ ወጥታ፣ በጉዳት ምክንያት አቁማ፣ ከ16 ዓመት በኋላ ተመልሳ ጥንድ ሆነች። በ2024 ከማክሲም ዴሻም ጋር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን 40 ዓመቷ ነበር።

ውድድሩን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ አሰልጣኙ ይነግራችኋል። በዓለም አቀፍ ታዳጊ ውድድር ለመሳተፍ ከወቅቱ መጀመሪያ፣ ከጁላይ 1 በፊት፣ 13 ዓመት መሙላት አለባት። በውድድር ሁለት ትርዒት ይቀርባል፤ የታዳጊዎች አጭር ፕሮግራም 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ ነጻ የሚባለው ደግሞ 3 ደቂቃ ተኩል ነው፤ በሁለቱም 10 ሰከንድ መጨመር ወይም መቀነስ ይቻላል። አንዳቸው ሲወድቁ 1 ነጥብ፣ ሁለቱም አብረው ሲወድቁ 2 ነጥብ ይቀነሳል። ልጠቁምዎት የምፈልገው ግን አንድ ወጥመድ ነው፦ በብዙ ቦታ ጥንዶች ጥቂት ስለሆኑ አዲስ ጥንድ በቶሎ ወደ ትልቅ መድረክ ይላካል። በነጠላ ስድስት ዓመት ያልደረሰችበት ውድድር በጥንድ በአንድ ዓመት ሊመጣ ይችላል። ያኔ የምትሠራቸው ነገሮች ከአቅሟ በላይ እንዲሆኑ ግፊቱ ይበረታል። ግብዣው ሲመጣ «ማንሳቱን ዝቅ ባለ ደረጃ ሠርተው ይወዳደሩ» ማለት ይቻላል፤ የሚጠፋው ጥቂት ነጥብ ነው።

ስንት ዓመት ይፈጃል ለሚለው፣ ሸን ሹዌና ዣው ሆንግቦ በ1992 ተጣመሩ፤ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮንነት በ2002፣ የኦሎምፒክ ወርቁን በ2010 አገኙ። አሰልጣኛቸው ያው ቢን ራሱ በ1980 በዓለም ሻምፒዮና በጥንድ ተወዳድሮ መጨረሻ የወጣ ሰው ነበር። የልጅዎ መንገድ እንደዚያ ይሆናል አልልም። ሁለት ሰው እንደ አንድ እስኪንሸራተት ሁለት፣ ሦስት ዓመት መስጠት ግን ተገቢ ነው፤ በአንደኛው ዓመት ሜዳሊያ ስላልመጣ ተጣማሪ መለወጥ ሁሉን ነገር ከወለሉ ፍራሽ መጀመር ነው።

ጥምረት መፍረሱ አይቀሬ ባይሆንም የተለመደ ነው። አልዮና ሳቭቼንኮ ከአንድ በላይ ተጣማሪ ቀይራ፣ ሁለት የኦሎምፒክ ነሐስ አግኝታ፣ በ2018 ከብሩኖ ማሶ ጋር በ34 ዓመቷ ወርቅ ወሰደች። ስለዚህ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ተስማሙ፦ የበረዶ ሰዓት፣ የአሰልጣኝና የጉዞ ወጪ ማን ስንት እንደሚከፍል፤ አንዱ ቢጎዳ ምን ያህል እንደሚጠበቅ፤ አንዱ ማቆም ቢፈልግ ከስንት ጊዜ በፊት እንደሚናገር። ሁለቱ ልጆች የተለያየ ዜግነት ካላቸው ደግሞ ይህን ይወቁ፦ በዓለም ሻምፒዮና አንዳቸው የአገሩ ዜጋ መሆናቸው ይበቃል፤ በኦሎምፒክ ግን ሁለቱም ዜጋ መሆን አለባቸው።

አንድ ከባድ ጉዳይ ይቀራል፤ ሳልጽፈው ብቀር ኃላፊነቴን አልተወጣሁም። ጥንድ ስኬቲንግ ያለ ንክኪ አይሠራም። 13 ዓመት ከ17 ዓመት ጋር፣ ያውም በአዋቂ አሰልጣኝ ፊት፣ ሰውነት ይያያዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ አያያዝ በበረዶ ላይ ከመሞከሩ በፊት በወለል ላይ፣ በስሙ ተጠርቶ፣ እርስዎ ባሉበት ይታይ። ልጅዎ «ይሄ አያያዝ አይመቸኝም» ስትል ምክንያት አትጠየቅ፤ ሁልጊዜም ሌላ አያያዝ አለ። ዝግ ልምምድ አይኑር። አሰልጣኙ በስልክ መልእክት ለእሷ ብቻ አይጻፍ፤ እርስዎም ይግቡበት። በጉዞ ላይ ክፍሏ ከእርስዎ ወይም ከሌላ ሴት ልጅ ጋር ይሁን። ይህን ስትጠይቁ ቅር የሚለው አሰልጣኝ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ለሙከራው ቀን፣ ከሪንኩ ጠርዝ ሳይሆን ከፍ ካለ መቀመጫ ይዩ፤ የሁለቱ እግር አብሮ መሄዱ የሚታየው ከዚያ ነው። ልጅዎ ስትወድቅ ልጁ መጀመሪያ ወዴት እንደሚያይ ይመልከቱ፦ ወደ እሷ ነው ወይስ ወደ አሰልጣኙ? እሱ ሲሳሳት «የኔ ጥፋት ነው» ይላል ወይ? አሰልጣኙ ጥያቄውን ለሁለቱም ያቀርባል ወይስ ለልጁ ብቻ? በመጀመሪያው ቀን በረዶ ላይ ከትከሻ በላይ ማንሳት ከተጀመረ ያስቁሙ፤ ማስቆም መብትዎ ነው።

ማታ ቤት ስትገቡ «ወደድሽው?» ብለው አይጠይቋት፤ ደስ እንዲልዎት ብላ «አዎ» ትላለች። «ሲያወርድሽ በየትኛው እግርሽ ቀድመሽ አረፍሽ?» ይበሏት። ወዲያው ተነሥታ ወለሉ ላይ ካሳየችዎት በሚቀጥለው ቀን ይመለሱ። «አላስታውስም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» ካለች ግን ያንኑ ማታ ለአሰልጣኙ ይንገሩት፤ ወደ ፍራሹ፣ ወደ ወገብ ከፍታ ይመልሳት።